ወገቡ የሚታጠፍ የእንፋሎት ባቡር ጎማ እንዴት ይቆጠራል?

ከአሮጌ የእንፋሎት ባቡር ፎቶ ስር 4-8-8-2 የሚል ነገር ተጽፎ አይታችሁ ይሆናል። የጎማ ብዛት ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ የተቆጠረ። አቆጣጠሩ የሚጠራው በመሐንዲሱ በፍሬድሪክ ዋይት ስም ነው። ዘዴው ከገባችሁ ፎቶ አይታችሁ ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ።

መጀመሪያ ከጎን የተነሳ ፎቶ ፈልጉ። ከስልክ ላይ ከመቁጠር አትማችሁ በእርሳስ ምልክት ብታደርጉ ይሻላል። እኔ ስክሪን ላይ ስቆጥር ሁሌ አንድ ጎማ እዘላለሁ።

ቀጥሎ ትልልቆቹን ጎማዎች ለዩ። በብረት ዘንግ እርስ በርስ የተያያዙት ናቸው፤ ባቡሩን የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ትንንሾቹ ክብደት ይሸከማሉ፣ ኩርባ ላይም ይመራሉ። ዘንጉ ተቋርጦ እንደገና ሲጀምር፣ እዚያው ሁለተኛ ሲሊንደር (እንፋሎቱ ዘንጉን የሚገፋበት ወፍራም ቱቦ) ካለ፣ ሁለት ክፍል ያለው ባቡር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ክፍል ውሃው ከሚፈላበት ከቦይለሩ ጋር ተጣብቋል፣ ሌላው ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይዞራል። ሁሌ ግን እንዲህ አይደለም። የአሜሪካው ፔንሲልቬኒያ ባቡር ድርጅት ቲ1 የተባለው ባቡር 4-4-4-4 ነው፤ ሲሊንደሩ ሁለት ጥንድ ሆኖ ሳለ ሻንሲው አንድ ወጥ ነው፣ አይታጠፍም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ፊቱ የቱ ነው? ጭስ ማውጫው ያለበት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ሁለት ወር የለፋሁበትን የእንጨት ሞዴል ያበላሸሁት። ሳውዘርን ፓሲፊክ የተባለውን የአሜሪካ ባቡር ድርጅት ባቡር ከጭስ ማውጫው በኩል ቆጥሬ 2-8-8-4 ብዬ ጻፍኩበት። ውሃና ነዳጅ የሚጭነውን ቴንደር ደግሞ ጋቢናው ጋ በሙጫ አጣበቅኩት። ስነቅለው ጋቢናው ተሰነጠቀ።

ያ ባቡር የሚሄደው ጋቢናው ከፊት ሆኖ ነው። ምክንያት አለው። መስመሩ የካሊፎርኒያን የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሲያቋርጥ በዋሻዎችና በረዶ ለመከላከል በተሠሩ ረጃጅም የእንጨት መጠለያዎች ውስጥ ያልፋል። በተለመደው አሠራር ጭሱ ሾፌሮቹን ያፍናቸው ነበር። ስለዚህ ባቡሩን ገልብጠው ጋቢናውን ወደ ፊት፣ ጭስ ማውጫውን ወደ ቴንደሩ አዞሩት። የሚያቃጥለው ዘይት ስለሆነ ነው የተቻለው። ዘይት በቱቦ እስከ ፊት ድረስ ይሄዳል፤ ከሰል ቢሆን ማን አካፋ ይዞ ያን ሁሉ ርቀት ያመላልሳል? የመጨረሻዎቹ በባልድዊን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 ተሠሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ቁጥሩ 4294 የሆነው፣ ዛሬ ሳክራሜንቶ በሚገኘው የካሊፎርኒያ የባቡር ሙዚየም ቆሟል። ፎቶውን ፈልጋችሁ ተለማመዱበት፤ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

እንግዲህ ጭስ ማውጫውን እርሱትና ቴንደሩን ፈልጉ። ቴንደር ካለ ከኋላ ነው፤ ፊቱ ተቃራኒው ጫፍ ነው። ከዚያ ቁጠሩ። በ4294 ላይ ከጋቢናው ስር ሁለት ትንንሽ፣ ቀጥሎ አራት ትልልቅ፣ እንደገና አራት ትልልቅ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ ታያላችሁ። ፎቶው አንዱን ጎን ብቻ ስለሚያሳይ በሁለት አባዙት፦ 4-8-8-2። የቴንደሩ ጎማ አይቆጠርም። ትንሽ ጎማ በሌለበት ጫፍ 0 ይጻፋል።

ቅርባችን ባለው ደግሞ ሞክሩት። ከምጽዋ ወደ አስመራ በሚወጣው የኤርትራ ባቡር መስመር ላይ ወገባቸው የሚታጠፍ ትንንሽ ባቡሮች አሉ። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራቸው ናቸው፤ መለያቸው 442 ይላል። 4-4-2 ብላችሁ እንዳታነቡት። ጣሊያኖች ለዚህ የባቡር ዓይነት የሰጡት መለያ ቁጥር ነው። ቴንደርም የላቸውም፣ ውሃቸውን ራሳቸው ላይ ነው የሚይዙት። ጎማቸውን ስትቆጥሩ በአንዱ ጎን ሁለት ትልልቅ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ታገኛላችሁ፤ ትንንሽ ጎማ የለም። 0-4-4-0 ብላችሁ ጻፉ።