ክረምት፣ ልጆችና አልነሳ የሚል የቦምቦሊኖ ሊጥ

ሐምሌ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ዝናቡ ሲወርድ እኛ ቤት ቦምቦሊኖ ይሠራል። ልጆች ሊጥ ማሸት ይወዳሉ፣ በብርጭቆ አፍ መቁረጥ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥባቸዋል። ልኩን ታውቁታላችሁ። ለግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ሁለት የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው። ወተትና እንቁላል የምትጨምሩ ከሆነ ፍልሰታ ላይ ተዉት፣ በውሃና በዘይት ብቻ ያምራል።

ችግር፦ ሊጡ ኩፍ አላለም

በየክረምቱ የሚደወልልኝ ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሊጡ በርዶት ነው እንጂ አልተበላሸም። በበጋ በአንድ ሰዓት የሚነሳው፣ ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሰፊ ድስት ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጉና የሊጡን ዕቃ ከላዩ አስቀምጡ፣ ክደኑት፣ በጋቢ ጠቅልሉት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጡት። ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት ውስጥ እንዳታስገቡ! በር ተዘግቶ ከሰል ሰው ይገድላል፣ ልጆች ባሉበት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ሌላው ጣጣ ልጆቹ "ተነሳ?" እያሉ በየአምስት ደቂቃው ክዳኑን መክፈታቸው ነው። እኔ አሁን ከሊጡ ትንሽ ቆርሼ ብርጭቆ ውስጥ አደርግላቸውና ቁመቱ ላይ ላስቲክ እናስራለን። ብርጭቆውን ጋቢው እጥፋት ውስጥ ይሸጉጡታል፣ ሲያሰኛቸው አውጥተው ያያሉ። ከላስቲኩ እጥፍ ሲያልፍ ሊጡም ደርሷል ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ግን ብርድ አልነበረም ችግሩ። የስድስት ዓመቷን ልጄን "ለብ ያለ ውሃ ጨምሪ" ብያት ዞር ስል ከፔርሙሱ ቀጥታ ገለበጠችው። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ሊጡ እንደ ጭቃ ተኝቶ ቀረ፣ እሷም አለቀሰች። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሞታል። ውሃው ሕፃን ገላውን የሚታጠብበት ዓይነት ይሁን። ፔርሙሱን ልጅ አይንካው፣ ጥፋቱ የኔ ነበር።

እርሾው ራሱ የሞተም ያጋጥማል። ተከፍቶ የቆየ፣ በፌስታል ተቋጥሮ በማንኪያ የሚሸጥ እርሾ አትግዙ፣ እባካችሁ። ልጅ ግማሽ ቀን አስጠብቆ ማሳዘን ነው። በለብታ ውሃና በስኳር በጥብጡት፣ አሥር ደቂቃ ውስጥ አረፋ ካልሠራ ድፉት።

ሊጡ ከተቦካ በኋላ ነው ያወቃችሁት? አዲስ እርሾ በጥቂት ለብታ ውሃ በጥብጣችሁ ከትንሽ ዱቄት ጋር እሹበት። ጊዜ ከሌለ ዳቦ ቆሎ አድርጉት። ዱቄት፣ ዘይትና ትንሽ በርበሬ ጨምራችሁ ጠንከር ይበል። ልጆቹ በእጃቸው እያሹ እንደ እስክሪብቶ ያቅጥኑት፣ ሽንብራ አሳክለው ይቁረጡት። እናንተ በትንሽ እሳት ምጣድ ላይ ቁሉት። ልጄ ያን ቀን እንባዋን ጠርጋ የቆረጠችው ዳቦ ቆሎ ሳምንት በላነው።

የቦምቦሊኖው ውጪ አሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ

ዘይቱ ከሚገባው በላይ ግሏል። እሳቱን ቀንሱ፣ ሊጡም ከአንድ ጣት ውፍረት አይለፍ። መጥበሱ የአዋቂ ሥራ ነው። ከዝናብ የገባ እርጥብ እጅ ዘይቱ አጠገብ አይድረስ።

ፈንድሻው ካልፈነዳ

በቆሎው ደርቋል፣ የሚያፈነዳው ውስጡ ያለው እርጥበት ነው። አንድ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ዝጉት፣ ልጆቹ ሁለት ሦስት ቀን ይነቅንቁት።