ሞተር ትንፋሽ ሲያጥረው የምንሠራቸው ስህተቶች

ከዓመታት በፊት የነበረችኝ ኮሮላ ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ጠዋት ሳስነሳት የቆመችበት ቦታ ላይ ጥቁር ክብ ትታ ትሄዳለች። ጋራዥ ወሰድኳት። «የኋላው ኦይል ሲል አልቋል» አሉኝ፤ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት ማለታቸው ነው። ካምቢዮ ወረደ፣ ኦይል ሲሉ ተቀየረ፣ ከፈልኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ያቺው ጥቁር ክብ ተመለሰች። ካምቢዮ እንደገና ወረደ። እንደገና ከፈልኩ።

በሦስተኛው ያዩልኝ ሌላ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ መካኒክ። መኪናው ሥር አልገቡም። ኮፈኑን ከፈቱና ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ፣ ክዳን ላይ አውራ ጣት የምታክል ነገር በፒንሳ ነቀሉ። ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቋት። ምንም ድምፅ የለም። ለእኔ ሰጡኝ፤ ውስጧ በጠጠረ ጥቁር ቅባት ተደፍኗል። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ትንፋሽ አጥሯት ነው» አሉኝ። በጣም ርካሽ በሆነች ዕቃ ምክንያት ሁለት ጊዜ ካምቢዮ አስወርጃለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ጋዙ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ፒስተኑን የታጠቁት ቀለበቶች፣ ጋራዥ «ፋሻ» የሚሏቸው፣ ጋዙ እንዳያመልጥ ይይዙታል። ግን አዲስ ሞተር ላይ እንኳ ትንሽ ጋዝ በፋሻው ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ዘይቱ ወዳለበት፣ ይወርዳል። ይህ ጋዝ ያልተቃጠለ ቤንዚን አለበት፣ አሲድ አለበት፣ ብዙ የውሃ እንፋሎትም አለበት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል። ጠዋት ከጭስ ማውጫ ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ከዚያ የመጣ ነው።

ጋዙ መውጫ ካጣ ግፊቱ ይጨምርና ደካማ ቦታ ፈልጎ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። ውሃውና ቤንዚኑ ደግሞ ዘይቱን ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ጭቃ ይለውጡታል። መተንፈሻ የተሠራው ለዚህ ነው። በአንዱ ቱቦ የተጣራ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። በሌላው ቱቦ ሞተሩ ጋዙን ወደ ራሱ ስቦ ከነዳጁ ጋር መልሶ ያቃጥለዋል። መውጫው ላይ ፒሲቪ ቫልቭ የምትባለው ትንሽ በር አለች፤ መካኒኩ የነቀሏት እሷን ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ ጠበብ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ሰፋ ትላለች።

ድሮ ከሞተሩ ወደ መሬት የሚወርድ ክፍት ቱቦ ብቻ ነበር። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ጋዙን ይስብለታል። ሲቆም ግን የሚስብ የለም። የወጣውንም ጋዝ መንገደኛው ይተነፍሰዋል። በሎስ አንጀለስ ጭጋግ የተማረረችው ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዳዲስ መኪኖች ይህ መተንፈሻ እንዲኖራቸው አደረገች። ሌላው ዓለም ቀስ በቀስ ተከተለ።

አሁን ወደ ስህተቶቹ ልሂድ።

ዘይት ባፈሰሰ ቁጥር ኦይል ሲል መቀየር

ይህ የእኔው ስህተት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላውም ይሄ ነው። ኦይል ሲል ያረጃል፣ እውነት ነው። ግን ውስጥ ያለው ግፊት ሳይቀንስ አዲስ ኦይል ሲል ማስገባት ያው ችግር ላይ ሌላ ዕቃ መጨመር ነው። በተለይ ከአንድ ቦታ በላይ ዘይት ካያችሁ፣ ለምሳሌ ከቴስታታው ክዳንም ከኋላም፣ ሁሉም ጋስኬት (በብረቶቹ መጋጠሚያ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) በአንድ ጊዜ አልቆ ይሆናል ከማለታችሁ በፊት መተንፈሻውን እዩ።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን አሙቁት። ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና አንዲት ወረቀት ቀዳዳው ላይ አድርጉ። ጤነኛ መተንፈሻ ወረቀቷን ቀስ ብሎ ወደ ታች ይስባታል። ወረቀቷ ወደ ላይ ከተነሳች ወይም ከተወረወረች ግፊት አለ ማለት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ዘይት የሚረጩ ሞተሮች ስላሉ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። ክዳኑ ክፍት እያለ ሚኒሞው ትንሽ ቢዋዥቅም አትደንግጡ።

ቱቦውን ነቅሎ መድፈን ወይም ወደ ውጭ ማንጠልጠል

የአየር ፊልትሮው ቤት ውስጥ ዘይት ይገኛል። አንዱ ይመጣና «ከዚህ ቱቦ ነው የሚመጣው» ይልና በብሎን ይደፍነዋል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆነ፣ ደንበኛው ተደሰተ።

ግን ዘይቱ ለምን በዚያ መጣ? ብዙ ጊዜ ቫልቩ ስለተደፈነ፣ ጋዙ ንጹሕ አየር በሚገባበት ቱቦ ወደ ኋላ ስለወጣ ነው። ያ ቱቦ ለሞተሩ የቀረችው የመጨረሻ መውጫ ነበረች። እሷንም ስንዘጋት ዘይቱ ባገኘው ቦታ ይወጣል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቤቱ ብድግ ብሎ ያየሁበት ጊዜ አለ።

ቱቦውን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ መተውም መፍትሔ አይደለም። ፒሲቪው ከሠራ ሞተሩ በዚያ ቱቦ አየር ይስባል። ከከተማ ወጣ ብሎ በፒስታ መንገድ የሚነዳ ሰው ምን ዓይነት አቧራ እንዳለ ያውቃል። ያ አቧራ ሳይጣራ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ዘይቱ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርዳል። ፋሻ ይበላል፣ ከዚያ ጋዙ ይበዛል፣ ከዚያ መተንፈሻው ይበልጥ ይጨናነቃል።

ነቅንቆ ብቻ «ይሠራል» ማለት

ቫልቩን ነቅንቃችሁ ካልጮኸ ተደፍኗል። ቢጮህ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ውስጡ ያለችው በር በደንብ ሳትጠብ ልትቀር ትችላለች፤ ያኔ ከሚገባው በላይ ክፍት ትሆናለች። ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ዘይት ይስባል፣ ብዙ ሰውም ካንዴላ ይቀያይራል። ሞተሩ እየሠራ ቫልቩን ነቅላችሁ ከሥሩ በጣት ዝጉት። ጣታችሁን ሳብ ሲያደርግ ሊሰማችሁ ይገባል፤ ሞተሩም ትንሽ ድምፁን ይቀይራል። ምንም ካልሳበ ቫልቩ ወይም ቱቦው ተዘግቷል። ቱቦው ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል፤ ጎማው ከሥር በኩል ስለሚሰነጠቅ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። በጣት ዳስሱት።

ብዙ የጀርመን መኪኖች ላይ ደግሞ የሚነቀነቅ ቫልቭ የለም። በቴስታታው ክዳን ውስጥ የተገጠመ ቀጭን የጎማ ሽፋን ነው ሥራውን የሚሠራው። እሱ ሲቀደድ ሞተሩ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ የዘይት ክዳኑም ሚኒሞ ላይ ተጣብቆ አልነሳ ይላል።

«ገጠመ እኮ» ብሎ ማስገባት

ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ሄዳችሁ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ የምትል ቫልቭ ታገኛላችሁ። ግን ቫልቭ የምትለየው በውፍረቷ ብቻ አይደለም፤ የምታሳልፈው የአየር መጠን ለዚያ ሞተር የተለካ ነው። የሌላ ሞተር ቫልቭ ወይ ያፍነዋል ወይ አየር ያበዛበታል። ቁጥሯን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተቀመጠችበትንም ጎማ አብራችሁ ቀይሩ። የደረቀ ጎማ አየር ያሾልካል።

ነጭ አረፋ አይቶ ቴስታታ ማስወረድ

የዘይት ክዳኑ ሥር ማዮኔዝ የመሰለ ነጭ ነገር ሲያዩ «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ክረምት ላይ፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ብቻ የምትሄድ መኪና ይህን ታደርጋለች። ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ያርፍና ከዘይት ጋር ይደባለቃል።

መጀመሪያ የራዲያተሩን ውሃ እዩ። አይጎድልም? ዘይት አልተቀላቀለበትም? መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ነው? እንግዲያው ቫልቩን መርምሩ፣ በሳምንት አንድ ቀንም ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ ንዱት። ነጩ ነገር ከቀነሰ ቴስታታው ቦታው ይቆይ።

ሚኒሶታ ወይም ካልጋሪ ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ከእኛ በላይ ተጠንቀቁት። በዚያ ብርድ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ መተንፈሻውን ሊዘጋው ይችላል። አጫጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያዋጣል።

ያለቀ ሞተርን በቫልቭ ለማዳን መሞከር

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ፋሻው ያለቀ ሞተር፣ መካኒኮች «ይተነፍሳል» የሚሉት፣ የሚያመልጠው ጋዝ በጣም ብዙ ስለሆነ አዲስ ቫልቭ አይበቃውም። ቫልቩን ቀይራችሁ፣ ቱቦውን አጽድታችሁ፣ ወረቀቷ አሁንም ከተወረወረች ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን አፍኖ የሚይዝበትን ግፊት፣ አስለኩ። ቁጥሩ ከወረደ ችግሩ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ጋ ነው። ያኔ መተንፈሻውን ደጋግሞ መነካካት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሰርቪስ ላይ መርሳት

ዘይት ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ፒሲቪ ቫልቭ ግን ትረሳለች። የመኪናችሁ መጽሐፍ መቼ እንደምትታይ ከነገራችሁ እሱን ተከተሉ። ካልነገራችሁ ዘይት ስትቀይሩ ቱቦዎቹን ዳስሱ፣ ቫልቩንም ነቅላችሁ እዩ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ያገለገለ መኪና ሲገዙ ይህን አለማየት

ሞተሩ ታጥቦ ያበራል፣ ከሥርም የዘይት ጠብታ የለም። ዛሬ ጠዋት የታጠበ ሞተር ግን ስለ ዘይት ምንም አይነግራችሁም። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቁ፤ ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። የዘይት ክዳኑን ክፈቱና ከሥሩ ጥቁር ጭቃ መኖሩን እዩ። ወረቀቷን አድርጉ። የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፍታችሁ ዘይት እንዳለ ዳስሱ። ከዚያ ሁለቱንም ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናችሁ ተከተሉ። አንዱ በብሎን ተደፍኖ ካገኛችሁት ለምን እንደተደፈነ ሻጩን ጠይቁ፤ ብሎኑን አስነቅላችሁ፣ ቱቦውን ወደ ቦታው አስመልሳችሁ ወረቀቷን እንደገና ሳትሞክሩ ቀብድ አትስጡ።