ኪስ የሚገባ የጎንደር ካርታ አሠራር
ሥዕሉን ተወውና መጀመሪያ አጣጠፉን ጨርስ። ኤ3 ወረቀት ውሰድ፤ 42 ሳንቲሜትር የሆነውን ረጅሙን ጎን እንደ አኮርዲዮን እያገላበጥክ ስድስት እኩል ቦታ እጠፈው፣ እያንዳንዱ 7 ሳንቲሜትር ይመጣል፣ ከዚያ መሃሉ ላይ አንዴ ስታጥፈው ኪስ ይገባል።

እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ግን ዋና ቦታ እንዳታስቀምጥ። ወረቀቱ ቶሎ የሚቀደደው እዚያ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ፒያሳን እዚያው ላይ ጣልኩት፤ ወር ሳይሞላ ፒያሳ ቀዳዳ ሆና አረፈችው!

ፋሲል ግቢ ውስጥ ግንቦቹ ተጠጋግተዋል፣ ስለዚህ ለብቻው አጉልተህ አውጣው። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስዱትን መንገዶች አወፍር። ፊደል አታሳንስ። ከማሳተምህ በፊት አንድ ናሙና ይዘህ ውጣና ነፋስ ላይ ቆመህ በአንድ እጅ ክፈተው።