ቢልጫ የተባለው ዓሣ የትኛውን የነፍሳት እጭ እንደሚበላ ማወቂያ ዘዴ

የቢልጫን አንጀት ከፍቶ ማየት ብቻውን አይበቃም። በዚያው ቀን ወንዙ ውስጥ ምን እንደነበረ ካልታወቀ፣ ዓሣው መርጦ ይብላ ወይም ያገኘውን ይዋጥ መለየት አይቻልም። ስለዚህ እጩም ዓሣውም በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ ይወሰድ።

ወደ ጣና በሚገባው በጉማራ ወንዝ ላይ ከሆነ ጥርና የካቲት ይመረጣሉ። በክረምት ውሃው ይደፈርሳል፣ ጎርፉም እጩን ጠራርጎ ይወስደዋል። ደግሞም ቢልጫ ለመራባት ወደ ወንዙ የሚወጣው ያኔ ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት ማጥመድ ዘሩን መጨረስ ነው።

ለእጩ፣ ከጉልበት የማይበልጥና በድንጋይ ላይ እየተንፏፏ የሚፈስ ውሃ ይፈለግ። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ መረብ ከታች በኩል ተይዞ ከፊቱ ያለው ድንጋይ ለ3 ደቂቃ በእግር ይታመስ። ካዲስፍላይ የሚባለው የነፍሳት እጭ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በእጅ መታሸት አለበት። ናሙናው ነጭ ትሪ ላይ ሲገለበጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ ያለውና በሆዱ ግራና ቀኝ ስንጥቡ የሚርገበገበው ሜይፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ ነው፤ ቀይ ትል የሚመስለው ደግሞ ካይሮኖሚድ (ትንኝ የሚመስል ነፍሳት እጭ)። ሁሉም በ80% አልኮል ይቀመጥ። ምልክቱ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

የዓሣው መረብ በየሰዓቱ ይፈተሽ። ሲያድር የተያዘው ዓሣ አንጀቱን ባዶ ያደርጋል፤ ቢሞት እንኳ ምግቡ መሟሟቱን አያቆምም። እንደወጣ በረዶ ውስጥ ይግባ።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቢልጫ ጨጓራ የለውም። የሚወሰደው ከጉሮሮው እስከ መጀመሪያው የአንጀት መታጠፊያ ያለው ክፍል ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ተፈጭቶ አልቋል። የጉሮሮው ጥርስም ምግቡን ስለሚያደቀው ሙሉ እጭ እምብዛም አይገኝም። በወረንጦ ተለቅሞ በማጉያ መነጽር የሚቆጠረው ጭንቅላት ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ አይፈጭም። እግር ከተቆጠረ አንዱ እጭ አምስት ይሆናል።

ምርጫው የሚሰላው የወንዙ ድርሻ ከአንጀቱ ድርሻ ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል ነው። ሜይፍላይ በአንጀት 60%፣ በወንዝ 20% ከሆነ 40 ለ80 ሲካፈል 0.5 ይመጣል፦ ዓሣው እየመረጠ ይበላዋል። ዜሮ አጠገብ ከሆነ ያገኘውን ነው የሚበላው፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ግን ወይ ይተወዋል ወይ አይደርስበትም። ድንጋይ ሥር የሚደበቅ እጭ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይወጣል።

ቁጥሩ ላይ ብቻ መቆም ግን አያዋጣም። አንድ የውሃ ተርብ እጭ (እሱ ራሱ የዓሣ ጫጩት ይበላል) ከብዙ ካይሮኖሚድ ይከብዳልና ክብደቱም ይመዝገብ።