የድሮ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎችን የዘይት ፓምፕ መለየትና በሌላ መተካት

የያማሃ ዲቲ 125፣ የያማሃ ኤጂ 100 ወይም የሱዙኪ ቲኤስ ባለቤት የሆነ ሰው የዘይት ፓምፑ ሲበላሽበት ለሞዴሉ የተሠራ አዲስ ፓምፕ ድሬዳዋ ላይ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል። የሚቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ ከተበተነ ሞተር ሳይክል የወጣ፣ ከየትኛው ሞዴል እንደመጣ ሻጩም በውል የማያውቀው ፓምፕ ነው። ሜካኒኩ የብሎን ቀዳዳዎቹን አስተያይቶ «ይገጥማል» ይላል፤ ብዙውን ጊዜም በትክክል ይገጥማል። ይሁን እንጂ አንድ ፓምፕ ለሌላ ሞተር ምትክ መሆን የሚችለው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) በዞረ ቁጥር የሚሰጠው የዘይት መጠን ሲመጣጠን እንጂ ብሎኑ ስለገባ ብቻ አይደለም። ይህን መጠን ደግሞ ያለ ልዩ መሣሪያ መለካት ይቻላል።

ያማሃ «አውቶሉብ» ብሎ የሰየመውን፣ ዘይትን ከቤንዚን ጋር አስቀድሞ መቀላቀል ሳያስፈልግ በፓምፕ ለሞተሩ የሚያደርስ ሥርዓት በምርት ሞተር ሳይክል ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ የየራሳቸውን አከታትለው አቅርበዋል። መሠረታዊው አሠራር ተመሳሳይ ነው። ከሞተሩ ኃይል የሚቀበል ዘንግ በጠመዝማዛ ጥርስ አማካይነት አንዲት ቀጭን ፕለንጀር (እንደ ትንሽ ፒስተን የምትገፋ ዘንግ) ያዞራል፤ ፕለንጀሯ እየዞረች ወደፊትና ወደኋላ ስትመላለስ ዘይት ትስባለች፣ ትገፋለችም። ከነዳጅ መስጫው ጋር በገመድ የተያያዘው ፑሊ ወይም ማንሻ የምልልሷን ርዝመት ይወስናል። ስለዚህ የዘይቱ መጠን በሁለት ነገሮች ይታዘዛል፤ አንዱ የሞተሩ ፍጥነት፣ ሌላው ነዳጅ መስጫው የተከፈተበት ልክ ነው።

የዚህ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ የደንገጎ ቁልቁለት ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። ዘይትን ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ የሚነዳ ሰው ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ እየያዘ ሲወርድ፣ ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ የሚደርሰው ቤንዚን ጥቂት፣ ከእሱ ጋር የሚመጣው ዘይትም እንደዚያው ጥቂት ይሆናል። ፓምፕ ያለው ሞተር ግን ነዳጅ መስጫው ቢዘጋም በዝቅተኛው ምልልስ ልክ፣ በሞተሩ ፍጥነት መጠን ዘይት ማግኘቱን ይቀጥላል። «ፓምፑን አውልቀህ ጣለውና ቀላቅል» የሚለው የተለመደ ምክር ለሜዳ መንገድ ባይከፋም፣ በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ግን አልመክረውም።

ምትክ ሲፈለግ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የዘይት መውጫዎች ቁጥርና መድረሻቸው ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ያማሃ በተለምዶ አንድ መውጫ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሁለት መውጫ ሲኖረው፣ ዘይቱም ወደ አየርና ቤንዚን መግቢያው ይሄዳል። የሱዙኪ «ሲሲአይ» ሥርዓት ግን ከሲሊንደሩ በተጨማሪ ለክራንክሻፍቱ ኩሽኔታ በቀጥታ ዘይት የሚያደርስ የራሱ መስመር አለው፤ የካዋሳኪ «ኢንጄክቶሉብ»ም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ የያማሃን ፓምፕ አስተካክሎ መግጠም ማለት ኩሽኔታውን ከዘይት መቁረጥ ስለሆነ፣ የመውጫ ቁጥሩ ካልተመጣጠነ ሥራውን እዚያው ማቆም ይገባል።

ቀጥሎ በፓምፑ አካል ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ከዘይትና ከአቧራ አጽድቶ ማንበብ ያስፈልጋል። በያማሃ የመለዋወጫ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል ሲያመለክቱ፣ ቀጥሎ የሚመጣው 131 የዘይት ፓምፕ ክፍልን ያመለክታል። የሱዙኪ ፓምፕ ሙሉ ቁጥር በ16100፣ የካዋሳኪው በ16082 ይጀምራል። ነገር ግን በብረቱ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ቁጥር ሳይሆን አጭር መለያ ነው፤ አንድ ዓይነት አካል ለተለያዩ ሞዴሎች እየተሠራ ውስጡ ሊለያይም ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት።

ማረጋገጫው ቆጠራ ነው። በአሮጌው ፓምፕ የመንጃ ዘንግ ላይ በቀለም ምልክት አድርገው፣ ፕለንጀሯ አንድ ሙሉ ዙር እስክትጨርስ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በእጅዎ እያዞሩ ይቁጠሩ፤ በአዲሱም ይህንኑ ይድገሙ። የሁለቱ ጠመዝማዛ ጥርስ ካልተመሳሰለ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ለምሳሌ የመጀመሪያው በየ30 ዙሩ፣ ምትኩ በየ45 ዙሩ አንድ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ምትኩ የሚሰጠው ዘይት በሲሶ ያንሳል። የዘንጉ የመዞሪያ አቅጣጫም መመሳሰል አለበት፤ ኃይሉን ከክራንክሻፍት በሚቀበል ሞተርና በፍሪሲዮን በኩል በሚቀበል ሞተር መካከል አቅጣጫው ሊገለበጥ ይችላል። የፕለንጀሯ ውፍረት ደግሞ ከሚገመተው በላይ ለውጥ ያመጣል፤ የ5 ሚሊሜትር ፕለንጀር በአንድ ምልልስ የምትገፋው ከ4 ሚሊሜትሯ በግማሽና ከዚያ በላይ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ንጽጽሩ 25 ለ16 ነው።

ፓምፑን መፍታት ካልፈለጉ ሁለቱንም በተራ ጠረጴዛ ላይ አስረው፣ ማንሻቸውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ዘንጋቸውን በትክክለኛው አቅጣጫ እኩል ዙር እያዞሩ የሚወጣውን ዘይት በሕክምና መርፌ መለካት ይችላሉ። ከዚያ ማንሻውን ዘግተው ይድገሙት። ዘይቱ ከአንድ ጣሳ የተቀዳ፣ መለኪያውም በአንድ ሰዓት ውስጥ የተደረገ ይሁን፤ በድሬዳዋ የጠዋትና የቀትር ሙቀት መካከል የዘይቱ ቅጥነት ስለሚለያይ የማለዳውን ውጤት ከቀትሩ ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ሁለቱ ትንሽ ከተለያዩ ብዙ የሚሰጠውን እመርጣለሁ፤ ትርፍ ዘይት ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላም ያቆሽሻል፤ የጎደለ ዘይት ግን ፒስተን ያስነክሳል፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል።

በብዙ የያማሃ ፓምፖች ላይ ዝቅተኛው ምልልስ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ከፓምፑ ፊት ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ስትመላለስ ትታያለች፤ ወደ ውጭ በወጣችበት ጫፍ ላይ ሞተሩን አጥፍተው በእሷና በፑሊው መካከል ያለውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ይለኩ። ክፍተቱ ካነሰ ከሰሌዳዋ ሥር ስስ ሮንዴላ ይጨመራል፣ ከበዛ ይቀነሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ሮንዴላው የሚያስተካክለው ዝቅተኛውን ልክ ብቻ ስለሆነ፣ በጠመዝማዛ ጥርሱ ወይም በፕለንጀሯ ምክንያት በሁሉም ቦታ የሚያንሰውን ፓምፕ በሮንዴላ ማዳን አይቻልም።

ከመግጠም በፊት የዘንጉን የዘይት መከላከያ ጎማ በአዲስ መለወጥ ግዴታ ነው፤ ከደረቀ የፓምፑ ዘይት ወደ ካምቢዮ ይወርዳል። ከተገጠመ በኋላ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ፈትቶ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪፈስ መጠበቅ፣ ከዚያም ማንሻውን በእጅ ከፍቶ ይዞ በዝግታ በሚሠራ ሞተር ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች መሙላት ይገባል። ለዚህ ጊዜ ታንኩ ውስጥ በ5 ሊትር ቤንዚን 125 ሚሊሊትር ዘይት ይቀላቅሉ። ገመዱ የሚስተካከለው በፑሊውና በአካሉ ላይ ባሉት ምልክቶች ነው፤ ምልክቶቹ የሚገናኙበት የነዳጅ መስጫ ቦታ ግን ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሞተሩን መመሪያ እንጂ ፓምፑ የመጣበትን አይከተሉ።

በመጨረሻ ሞተር ሳይክሉን አንድ ሌሊት አቁመው ጠዋት የዘይት ታንኩን ይመልከቱ። ዘይቱ ከቀነሰና ሲነሳ ነጭ ጭስ ከበዛ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፓምፑ ሳይሆን በቱቦው ጫፍ ያለችው ባለ ሞላና ባለ ኳስ ቫልቭ ናት፤ እሷን በቤንዚን አጥቦ መሞከር፣ ካልዘጋችም መለወጥ ነው።