ከተላጩ በኋላ አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት፦ ከምን ይመጣል? ምን ይደረግ?

የጥምቀት ሰሞን የጎንደር ፀጉር ቤቶች ወረፋ አይጣል ነው። ለከተራ ፊቱን ሳያሳምር መውጣት የሚፈልግ የለም። "ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ" ይባላል። ጥር 11 ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ሁሉም አምሮበታል። ጥር 13 ላይ ግን አንገቱን የሚያክከው ብዙ ነው። ታናሽ ወንድሜም በየዓመቱ እንዲህ ይሆን ነበር።

ምልክት፦ በተላጩ በ2 ወይም በ3 ቀን አገጭ ሥርና አንገት ላይ ጠጠር ያሉ፣ የሚያሳክኩ እብጠቶች ይወጣሉ።

መንስኤ፦ ብዙ ሰው "ምላጩ ቆሽሾ ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ከፀጉራችን ነው። ከርዳዳ ፀጉር ሲያድግ ይጠቀለላል። ምላጭ ሲቆርጠው ደግሞ ጫፉ ይሾላል። የሾለው ጫፍ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳችንን ይወጋል። ሰውነት እንደ እሾህ ቆጥሮት ያብጣል። ሉጫ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ይህ ችግር ብዙም የማይገጥማቸው ለዚህ ነው።

ቆዳን ወጥሮ መላጨት ደግሞ ያባብሰዋል። ፀጉሩ በጣም ከሥር ይቆረጥና ቆዳው ሲለቀቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ገና ሳይወጣ ከውስጥ ይወጋል። ሁለትና ሦስት ስለት ያላቸው ምላጮችም ፀጉሩን ስበው ስለሚቆርጡት ውጤቱ ያው ነው።

አንድ ቀን ወንድሜን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ አንገቱን በስልክ መብራት አየሁት። አንዱ እብጠት ላይ ጥቁር ፀጉር ቀለበት ሠርቶ ተኝቷል። አንዱ ጫፍ ከቆዳው ይወጣል፣ ሌላው ተመልሶ ገብቷል።

መፍትሄ፦ ለአንድ ወር ያህል አትላጩ። ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከዚህ የሚበልጥ የለም። ፀጉሩ ሲረዝም ራሱን ስቦ ያወጣል። ሥራ ቦታ ጢም የማይፈቀድላችሁ ከሆነ በቶንዶስ ተስተካከሉ፤ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ይቅር። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ ለ10 ደቂቃ ያዙበት። ቀለበቱ ከላይ ከታየ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ጫፉን ብቻ ቀና አድርጉት። ከነሥሩ አትንቀሉት፤ አዲሱ ሲበቅል መልሶ ይወጋል። መጭመቅም ጠባሳ ያመጣል።

ወደ መላጨት ስትመለሱ በደረቁ አትላጩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ይበቃል። ፀጉሩ በደንብ ይራስ፣ ሳሙና ወይም የመላጫ ክሬም ይቀባ። ከዚያ በጣታችሁ ዳስሳችሁ ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ላጩ። አንገት ላይ አቅጣጫው ይለያያል፤ ተጠንቀቁ። አንድ ቦታ ደጋግማችሁ አትሂዱበት። ተላጭቶ አልኮል መርጨት ቆዳውን ያደርቃል እንጂ የታጠፈውን ፀጉር አያቃናውም።

ምልክት፦ እብጠቱ መግል ይዟል፣ ይሞቃል፣ እየሰፋ ነው።

ይህ ኢንፌክሽን ነው፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምላጭ መዋዋስ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ሄፓታይተስ ቢ በደም በኩል ይተላለፋል። ፀጉር ቤት ስትገቡ አዲሱ ምላጭ እናንተ እያያችሁ ከወረቀቱ ይውጣ።

ምልክት፦ ማጅራት ላይ ጠንካራ እብጠት ወጥቶ እያደገ ነው።

ይህ ከአንገቱ ይለያል። እየቆየ ወፍራም ጠባሳ ይሆናል፣ ፀጉሩም እዚያ ቦታ አይበቅልም። ማጅራትን በዜሮ ማስነሳት አቁሙና ሳይሰፋ የቆዳ ሐኪም አሳዩ።

ምልክት፦ እብጠቱ ጠፍቶ ጥቁር ነጥብ ቀረ።

ጊዜ ይፈልጋል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩም ያጠቁረዋል። ባርኔጣ ይረዳል። እዚህ ላይ ግን እባካችሁ፣ ጓደኛ የሰጣችሁን የፊት ቅባት አትቀቡ። ብዙዎቹ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) አለባቸው። ለጥቂት ቀን ያሳምራሉ፣ ከዚያ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ብጉርም ያመጣሉ።

ለፀጉር አስተካካያችሁም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ ንገሩት፦ "ወንድሜ፣ ዜሮ አታድርገው፣ ትንሽ አስቀርልኝ። ቆዳዬንም አትወጥረው።" ወንድሜ አሁን እንዲህ ነው የሚለው።