በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ አጠፋፉን ሳታዩ ዕቃ አትግዙ

ዴስክቶፔ ሦስት ሳምንት ተጫወተብኝ። እየጻፍኩ እያለሁ ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ የማዘርቦርዱ አርማ ብቅ ይላል፣ ዊንዶውስ ከዜሮ ይነሳል። አንዳንድ ቀን አራት ጊዜ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጨዋ ሆኖ ይውላል። መጀመሪያ የፈረድኩት ዊንዶውስ ላይ ነበር። ፎርማት አደረግኩት፤ ምንም። ደግሜ ፎርማት አደረግኩት፤ ያው ነው። ከዚያ «ራም ይሆናል» ብዬ አዲስ ራም ገዛሁ። በገጠምኩት በ20 ደቂቃው ድርግም።

ያኔ ነው ከመጀመሪያው ልብ ማለት የነበረብኝን ያስተዋልኩት። ስክሪኑ ሲጨልም ፋኑ አይቆምም ነበር። እንደጮኸ ይቀጥላል። ኤሌክትሪኩ አልተቋረጠም ማለት ነው፤ አንድ ነገር «እንደገና ተነሳ» እያለ ያዘዋል እንጂ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ሰምቼ ቢሆን ነገሩ በአንድ ከሰዓት ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጆሮ ስጡት። ገመዱ የተነቀለ ይመስል ፋኑም መብራቱም አብሮ ቀጥ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ሶኬት፣ ወደ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ወይም ወደ ሙቀት ይሄዳል። ስክሪኑ ጨልሞ ፋኑ ካልቆመ፣ ራም፣ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ወይም ኮምፒውተሩን እንደገና የሚያስነሳው የሪሴት ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ራሱ ተሰናብቶ በሥርዓት ከተዘጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአፕዴት ሥራ ነው፤ አትጨነቁ። ይህ ክፍፍል ፍጹም አይደለም፣ ግን የሥራውን ግማሽ ያቀልላችኋል። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን ስትሠሩ እንደነበርና ፋኑ ምን እንዳደረገ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። አምስት መስመር ይበቃል።

ከግድግዳው ጀምሩ። ዲቫይደሩን ተዉትና ገመዱን በቀጥታ ሶኬት ውስጥ ሰኩ። ከኬዙ ጀርባ የሚገባውን ጫፍም ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉት፤ በእግር ተነክቶ የላላ ገመድ ስንቱን ሰው ፎርማት አስደርጓል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የክፍሉ አምፖልም ብልጭ የሚል ከሆነ ችግሩ ከኮምፒውተሩ ውጭ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካላችሁ ያለ እሱ ሞክሩ፤ ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ ራሱ ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ዊንዶውስ የጻፈውን አንብቡ። ስታርት ላይ ኢቨንት ቪወር ብላችሁ ፈልጉ፣ ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ የጠፋበት ሰዓት አካባቢ በቀይ ምልክት «ከርነል ፓወር 41» የሚል ታገኛላችሁ። ሰው ይህን ሲያይ «ፓወር ይላል፣ ፓወር ሰፕላዩ ነው» ብሎ ሊገዛ ይሮጣል። አይደለም። ቁጥር 41 የሚለው «ባለፈው ጊዜ በደንብ ሳልዘጋ ነው የተነሳሁት» ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አያውቀውም። ከእሱ ይልቅ 1074ን ፈልጉ፤ እሱ ካለ ያጠፋው ሰው ወይም ፕሮግራም ነው፣ ስሙንም ይነግራችኋል። «ዌያ ሎገር» የሚል ስህተት ካያችሁ ግን ከሃርድዌሩ በኩል የመጣ አቤቱታ ነውና ቁምነገር አድርጉት።

አንድ ሴቲንግ ደግሞ አሁኑኑ ቀይሩ። ዊንዶውስ ሰማያዊውን የስህተት ስክሪን አሳይቶ፣ ሳታነቡት ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የሚመጣው። አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ በሚለው ስር፣ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። በሚቀጥለው ጊዜ ስህተቱ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

በጣም የምወደው ሙከራ ምንም ወጪ የለውም። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና ለአንድ ሰዓት ተዉት። እዚያ ቆሞም ከጠፋ ዊንዶውስ ነጻ ነው፤ ፎርማት የሚባለውን ነገር እርሱት። ካልጠፋ ግን ሃርድዌሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ባዮስ ውስጥ ፓወር ሰፕላዩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ ብዙም አይሠሩም።

አሁን ኬዙን ክፈቱ። መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ፣ ከዚያ የኬዙን ብረት ንኩ። የአጎቴን ልጅ ኮምፒውተር የከፈትኩ ጊዜ ፋኑ ንጹህ ይመስል ነበር። ፋኑን ሳነሳው ግን ከስሩ፣ ከብረቱ ክንፎች ላይ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ አገኘሁ። ሳይቀደድ አንድ ላይ ተነሳ! ፋኑ ሲዞር ውሎ አየሩ አያልፍም ነበር። ይህ ብቻ አይደለም፤ ማቀዝቀዣውን ማዘርቦርዱ ላይ ከሚይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ከቀዳዳው ወጥቷል። ከላይ ሲታይ የገባ ይመስላል፤ ከጎን በባትሪ ሳየው ነው መዛመሙን ያወቅኩት። ፕሮሰሰሩን የሚነካው በግማሽ ፊቱ ነበር።

አቧራ ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በነፋስ ብዛት ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር። ማቀዝቀዣውን ካነሳችሁ አሮጌውን ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ቅባት) ጠርጋችሁ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ አድርጉ። ከዚያ ሙቀቱን በሚያሳይ ፕሮግራም ተከታተሉ። ብዙ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃ ራሳቸውን ለማዳን ይጠፋሉ። ምንም ሳይሠራ 80 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣው በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው።

ራሙን ለመፈተሽ ሁለት ካላችሁ አንዱን አውጡና በአንዱ ብቻ ዋሉ፤ በማግስቱ ቀይሩ። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹህ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጠርጋችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን ብታሳድሩት ይመረጣል። አንድም ስህተት ካሳየ ራሙ ወይም አሠራሩ ላይ ችግር አለ። ባዮስ ላይ ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥን ሴቲንግ) በርቶ ከሆነ አጥፍታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍጥነቱ ነው፣ የራሙ አይደለም።

ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲሠራ ብቻ ከጠፋ፣ ሙቀቱም ደህና ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ባለ 12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ መውጣት የለበትም። ባዮስ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ግምት ነው፤ ሥራ ሲበዛበት የሚሆነውንም አያሳይም። አስተማማኙ መንገድ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቅ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

የእኔን ጥፋተኛ በመጨረሻ ያገኘሁት ከኬዙ ፊት ነው። ከማብሪያው አጠገብ ያለችው ትንሿ የሪሴት ቁልፍ ገብታ ቀርታለች፤ ጠረጴዛው ነቅነቅ ባለ ቁጥር ትነካካለች። ስጽፍ የሚጠፋውም ለዚህ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ «ሪሴት ስዊች» የሚል ጽሑፍ ያለባትን ባለ ሁለት ሽቦ ሶኬት ነቀልኳት። ኮምፒውተር ያለ ሪሴት ቁልፍ ያለ ችግር ይሠራል። የማብሪያውን ከጠረጠራችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ሽቦውን ንቀሉና ዋሉ።

ከነቀልኳት ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋም። ሽቦዋ ኬዙ ውስጥ ተንጠልጥላለች። ራሙንም አልመለስኩትም፤ አሁን 40 ታብ ከፍቼ እውላለሁ።